አባቴ «ቸኩሏል» ያለው ዘፈን

አባቴ የሞተው ሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሰኞ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሦስት ቀናት፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ እሑድ አመሻሽ ስላለው ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ ለሞቱ አዘጋጅተውን ነበር። «ልቡ ደክሟል፣ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ» ብለው ሲመልሱት ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል። ለሦስቱ ቀናት ግን ማንም አላዘጋጀኝም።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ኮልፌ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የትምህርት ዕቅዴን በሦስት ቀለም እጽፋለሁ፤ ጥያቄ ሳይጠየቅ መልስ ማዘጋጀት እወዳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሰው ለምን ወደ ፊት እንደሚወድቅ አጠገቤ ለተቀመጠው መንገደኛ የማስረዳ ዓይነት ሰው ነበርኩ። አባቴ «መምህር» ይለኛል። ሲኮራብኝም ሲያሾፍብኝም ቃሉ ያው ነው፤ ልዩነቱን ከፊቱ ነበር የማነበው።

ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አባቴ፣ ታላቅ እህቴ ትዕግሥትና እኔ እንኖር ነበር። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ትዕግሥት የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን አባል ናት። ጌታን ካገኘች ወዲህ ዘፈን አትሰማም፤ ጎረቤት ሲከፍት እንኳ መስኮት ትዘጋለች።

አባታችን ደምሴ ደግሞ በወጣትነቱ የሆቴል ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። በኋላ ባንዱ ሲበተን የፋብሪካ ንብረት ክፍል ገባና እዚያው ጡረታ ወጣ። በሙዚቀኝነት ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሸክላ ብቻ ስቱዲዮ ገብቷል። ለማታውቁት ወጣቶች ልንገራችሁ፤ ሸክላ ማለት ድምፁ እንደ ጠባብ ቦይ ተቀርጾበት መርፌ ሲሄድበት የሚዘፍን ጥቁር ክብ ነገር ነው። የእኛ ቅጂ እኔ ሳልወለድ ቤት ስንቀይር ጠፋ። አባቴ ዘፈኑን አንዳንዴ ያንጎራጉረው ነበር እንጂ ሲጫወተው አንዳችንም ሰምተን አናውቅም። ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ አንድ ምኞት ነበረው፤ «ያንን ሸክላ አንድ ጊዜ ብሰማው። እናንተም ብትሰሙኝ።»

ዓርብ ዕለት፣ ክፍል በሌለኝ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ ባለ የሙዚቃ አፕ የዘፋኙን ስም ስፈልግ ዘፈኑን አገኘሁት። ከጎኑ የሸክላው ሽፋን ፎቶ አለ፤ አባቴ እንደነገረን ቢጫ፣ ዘፋኙ በጥቁር መነጽር። ደወል እስኪደወል መቆየት አቃተኝ። ብሉቱዝ ስፒከር ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተውሼ ወደ ቤት በረርኩ።

አባቴ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን።»

«ልጨፍነው ነው እኮ፤ ምን አስቸኮለህ» አለ። ትዕግሥት «አባዬ፣ እንዲህ አትበል» ስትል እሱ ሳቀ፤ ሲስቅም ሳል ያዘው።

ከፈትኩት። አኮርዲዮኑ ሲጀምር የቀኝ እጁ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዚያ ጣቶቹ ቆሙ። ጭንቅላቱን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ።

«ማነው ይሄ?»

«አንተ ነህ እኮ፣ አባዬ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ሽፋኑን እየው፣ ቢጫው…»

«ሽፋኑ እኔን ይጫወታል እንዴ? ቸኩሏል። እኔ እንዲህ አልሮጥም። ዘፋኙም ድምፁ ቀጥኗል፤ ትንሽ ቢጨምር ሴት ሊሆን ነው።»

ይህን ጊዜ አንድ አስተዋይ ሰው ምን ያደርግ ነበር? እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ሸክላ በሞተርና በጎማ ስለሚዞር ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል፤ ስልክ ውስጥ ግን የማይዛነፍ ሰዓት አለ። ድምፁ በእያንዳንዱ ሰከንድ ውስጥ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ይለካል፤ ልኬቶቹ በሰዓታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ዲጂታል ሊቸኩል አይችልም አልኩት። ሸክላ የለመደ ጆሮ የመርፌውን ኮሽታና የድሮውን ስፒከር ጉርምርምታ ሲያጣ የተለየ ሰው የሰማ ይመስለዋል አልኩት። ሕመም የጊዜ ስሜትን እንደሚያዛባም ጨመርኩ። ይህን የመጨረሻውን ባልል ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ደክሞኛል፣ ነገ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተዘጋጅቼ መጣሁ። በተረፈ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ የድምፅ ሞገድ በሰማያዊ፣ ልኬቶቹን በቀይ ነጥብ ሥዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለዘጠነኛ ክፍል እንደማስረዳው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሄድኩለት።

«መምህር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለኝ።

«አባዬ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ያቺን አኮርዲዮን ከአልጋው ሥር አውጣት። አኮርዲዮን እንደ ክራር አይቃኝም። ፋብሪካው የሰጠውን ድምፅ ይዞ ይኖራል። አንድ ቁልፍ ብቻ ልንካና ከዘፈኑ ጋር ይገጥም እንደሆነ ስማ። ሞገድ መሣል አያስፈልግህም።»

አሁን ሳስበው የነገረኝ ነገር ንጹሕ ሙከራ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ተናገሩ» የምለው ይህንኑ ነበር። ያኔ ግን የታየኝ አኮርዲዮኗ አየር የምትስብበት ማጠፊያዋ ተቀዶ በፕላስተር መታሸጓ፣ አባቴም መድከሙ ነው። «ተቀዳለች እኮ፣ ለምን ትለፋለህ» አልኩትና ዘፈኑን ደግሜ ከፈትኩ። «እዚህ ጋ ስማ፣ እዚህ ጋ ያንተ እጅ ነው» እያልኩ አራት ጊዜ አሰማሁት። ሁለተኛው ላይ ተከራከረኝ። ሦስተኛው ላይ ጣሪያውን አየ። አራተኛው ሲያልቅ እጄን ያዝ አደረገና፣

«እሺ። እኔ ነኝ» አለ።

«አየህ?» አልኩ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ ያሳፍረኛል። ለመምህራን የቴሌግራም ግሩፓችን «አባቴ ዛሬ ከስንት ዘመን በኋላ ራሱን ሰማ» ብዬ ጻፍኩ። ልብ ላኩልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰኞውን ፈተና ላባዛ እያፏጨሁ ወጣሁ።

እሑድ ረፋድ ትዕግሥት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ግቢ ጠራችኝ።

«ትናንት አንተ ስትወጣ አባዬ አኮርዲዮኗን አስወጣኝ» አለች።

«ለምን?»

«እኔ ቀዳዳዋን በእጄ ይዤ ሳብኩለት፣ እሱ ቁልፏን ተጫነ። አንድ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዘፈኑን በስልክሽ ክፈቺ አለኝ።»

«አንቺ? ዘፈን ከፈትሽ?»

«ጌታ ያውቃል። ከፈትኩለት። አይገጥምም። የስልኩ ከፍ ይላል። እኔ የመዘምራን ልጅ ነኝ፤ ግማሽ ድምፅ ሲዛነፍ ዝም ብዬ አላልፍም።»

«የአኮርዲዮኗ የብረት ምላሶች አርጅተው ዝቅ ብለው ሊሆን…»

«የሁሉም ምላስ አርጅቶ የአንተ ብቻ አልደከመም» አለች።

ከዚያ «ታዲያ ለምን እሺ አለኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔም ጠየቅኩት። ልንገረው አልኩ። ‹ተይው፣ ደስ ብሎት ነው የወጣው፤ ለምን እናበላሽበታለን› አለኝ።»

ይህን ስትለኝ የተሰማኝን በትክክል ልገልጸው አልችልም። የሚሞተው እሱ ነው፤ የሚጠነቀቀው ግን ለእኔ ደስታ ነበር። ቤት ገብቼ እግሩ ሥር ወድቄ ይቅርታ ብጠይቀው ይህ ታሪክ እዚያ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ባዶ እጄን መግባት አልፈለግኩም። ማስረጃ ይዤ መግባት ፈለግኩ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ስፒከሩን ስታውሰኝ፣ አስኮ ሸክላ የሚሰበስብ የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ እንዳለ ነግራኝ ነበር። ደወልኩላት፣ ቤቱን አመላከተችኝ። ከአጠና ተራ ተነሥቼ በሁለት ታክሲ አስኮ ደረስኩ። ሰውየው ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። ምሳ በልተው በራቸው ላይ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ አገኘኋቸው። ጉዳዬን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው።

«መምህር ነህ አይደል?» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«‹እንደምን ዋሉ› ሳትለኝ ማስረዳት ጀመርክ። በል ግባ።»

ግድግዳቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ ሸክላ ነው። የዘፋኙን ስም ስነግራቸው መዝገብ አላዩም፤ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቢጫውን ሽፋን አወጡት። እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ከዚህ ቤት ምሳም ትበላለህ፣ ሻይም ትጠጣለህ። ሸክላ ግን አይወጣም። ያዋስኳቸው ሰዎች ዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። እዚሁ ስማው።»

እኔም አላመንኩም። የእሳቸው ማጫወቻ ራሱ የዘገየ ቢሆንስ? ስጠይቃቸው አልተቀየሙም። የሚዞረው ሰሃን ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች አሳዩኝ። ፍጥነቱ ልክ ከሆነ፣ በውስጡ ያለችው ትንሽ መብራት ስታበራባቸው ነጥቦቹ እየዞሩ ሳለ የቆሙ ይመስላሉ። አስነሡት፤ ነጥቦቹ ቆሙ። የፊዚክስ መምህሩ መልስ አገኘ። ከዚያ መርፌውን አስቀመጡት።

መጀመሪያ ኮሽታ ነበር። ከዚያ አኮርዲዮኑ ገባ።

ያው ዜማ ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው። ይሄኛው አይቸኩልም። ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት አየሩን ሲስብ ይሰማል፤ አባቴ ወሬ ሲጀምር ትንፋሽ ወስዶ «እናልህ» የሚለውን ይመስላል። ዘፋኙ የጎልማሳ ድምፅ አለው። መሐል ላይ አኮርዲዮኑ ብቻውን ሲቀር፣ የሚጫወተው ልጅ በዚያን ቀን ከእኔ በሁለት ዓመት እንደሚያንስ ትዝ አለኝ። አባቴ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ እፊቴ ተቀመጠ። ጋሽ ሸምሱ መሐረብ አቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሲያልቅ በስልኬ የያዝኩትን ሰዓት አየሁ። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። አፑ ላይ ያለው ሦስት ደቂቃ ከሃያ ስምንት ነው። አሥራ ሁለት ሰከንድ ጠፍቷል። ሳሰላው ያ ፍጥነት ድምፁን ልክ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ያህል፣ ከፍ ያደርገዋል፤ አባቴ በአንድ ጣት፣ እህቴ በጆሮዋ የደረሱበት ነገር ነው።

«ይሄ የካሴት ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ሸክላ ሲቀር ዘፈኖቹን ወደ ካሴት የሚገለብጡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን አልበቃ ሲላቸው ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ያፈጥኑታል። ገበያተኛው መች ያውቃል። በኋላ አንዱ ካሴቱን ኢንተርኔት ላይ ጫነው፤ ፎቶውን ከሸክላው ወሰደ።»

የስልኬ ሰዓት በእርግጥ አልተዛነፈም። ሌላ ሰው ያፋጠነውን ዘፈን በሚያስደንቅ ጥንቃቄ፣ አንዲት ሰከንድ ሳያጎድል ይደግመዋል።

ጋሽ ሸምሱ ማጫወቻውን በገመድ ከስልኬ ጋር አገናኝተው ዘፈኑን እንደገና አጫወቱልኝ፤ ቀዳሁት። ከዚያ በዚያው ስፒከር አንዴ ሸክላውን፣ አንዴ ስልኩን እየቀያየርኩ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲለዩ ጠየቅኳቸው። ሦስቴ ሞከሩ። «አልለየሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ሰፈር ውስጥ እንዳታወራብኝ።»

ሰልፉ ረጅም ነበርና ታክሲ ያገኘሁት ቆይቼ ነው። በመንገድ ላይ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ማብራሪያዬን በቅደም ተከተል እያዘጋጀሁ ነበር። አንደኛ ካሴቱ። ሁለተኛ አሥራ ሁለቱ ሰከንድ። ሦስተኛ ነጥቦቹ። አባቴ ትክክል እንደነበር በሳይንስ ላረጋግጥለት ነው። ከይቅርታ የበለጠ ስጦታ መሰለኝ።

ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ትዕግሥት አጥባው ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳዋለች። ዓይኖቹ ጥርት ብለዋል።

«የት ጠፋህ?» አለኝ።

«ሾርባውን ጨርሷል» አለች ትዕግሥት በደስታ። «ሲጠብቅህ ነው የዋለው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ በእጄ ነው፣ ስፒከሩ በርቷል፣ ዘፈኑ ተዘጋጅቷል። መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አባዬ፣ አንተ ትክክል ነበርክ። ይቅርታ አድርግልኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።»

ጀመርኩ። አስኮ መሄዴን፣ ጋሽ ሸምሱን፣ ካሴቱን ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ፈገግም አለ። ትዕግሥት ከበሩ ላይ «ክፈትለት እንጂ» አለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይግባው። ሲገባው ነው የሚጣፍጠው።»

ስለ ነጥቦቹ ነገርኩት። ስለ መብራቱ ነገርኩት። ግማሽ ድምፅ እንዴት እንደሚሰላ ነገርኩት። ትንፋሹ እየረዘመ፣ መነቅነቁ እየቀነሰ ነበር፤ አየሁት፣ ግን ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል። ሞገዱን ልሥልለት ወረቀት ፍለጋ ዞር አልኩ። ስመለስ ዓይኖቹ ተከድነዋል።

«አባዬ፣ ገባህ?»

«ገባኝ፣ ልጄ» አለ፣ ሳይገልጣቸው።

«እንግዲህ አሁን ልከፍተው ነው። ራስህን ስማ።»

ከሩቅ የሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣ እኔን ለማሳረፍ ቅዳሜ የተናገረውን ደገመው።

«እሺ… እኔ ነኝ።»

ከፈትኩት። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሙሉ፣ በልኩ ፍጥነት፣ በልኩ ድምፅ ተጫወተ። ትዕግሥት መስኮቱን አልዘጋችም። እጁን ይዤ ጣቶቹን ጠበቅኩ፤ እንደ እንቅልፋም ሕፃን እጅ ለስላሳና ጸጥ ያሉ ነበሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛ ልደግመው ስል ትዕግሥት መጥታ ስልኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ነቅቶ አላወቀንም።

በለቅሶው ድንኳን ሰዎች «ቢያንስ ዘፈኑን ሰምቶ ነው የሞተው» ሲሉ ያጽናኑኝ ነበር። የቴሌግራሙን መልእክት አንብበው ነው። አላረምኳቸውም።

አንባቢዎቼ፣ «ስልክ ሸክላን ይተካል ወይ?» ብላችሁ የምትከራከሩ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መልሴን አልደብቅም፤ በትክክል ከተቀዳ ይተካል። ያን ቀን አስኮ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ እንኳ መለየት አልቻሉም። የሚያሳስተው ከመሣሪያው በፊት የነካካው የሰው እጅ ነው። አፕ ላይ ያገኛችሁት የድሮ ዘፈን ከየትኛው ካሴት፣ በማን ችኮላ እንደተገለበጠ አታውቁም። የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ ጠይቁት። «አይደለም» ካላችሁ፣ እባካችሁ ለአንድ ቀን እመኑት።

በማስተማሬም አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የድምፅን ምዕራፍ ስጀምር አሁን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጽፍም። ድምፁን አሰማና ምን እንደሰሙ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም እስኪናገሩ አፌን እዘጋለሁ። ይከብደኛል። አንዳንዴ ሳላውቀው ጠመኔ አንሥቼ እገኛለሁ። ጓደኞቼ ትዕግሥተኛ ሆነሃል ይሉኛል፤ አልሆንኩም፣ ፈርቼ ነው።

ሰዎች አባትህ በመጨረሻ ምን አለህ ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። የማልነግራቸው፣ እዚህ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምጽፈው፣ ያ እሑድ ከሰዓት ለአባቴ የቀረችው ጉልበት ምን ያህል እንደነበረች ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ትሆናለች። ዘፈኑን ሦስት ጊዜ ለመስማት ትበቃው ነበር። እሱ ግን ሁሉንም እኔን በማዳመጥ ጨረሳት።